ሻለቃና ሜትሩ

ልብስ ሰፊዋ ጎረቤቴ ውሻዋን ሻለቃ ያለችው ገና ቡችላ ሳለ ነው፤ እሱም ማዕረጉን አምኖበት አደገ። እኔ ራሴ የሱሪዬን ኪስ ላሰፋ ሄጄ ጉልበቱን አስቀድጄ ተመልሻለሁ። አንዷን ደንበኛ ክንዷን ሲነክሳት ግን ቀልዱ አበቃ። የሱቁ ቤት ባለቤት የሆነው ታላቅ ወንድሟ መጥቶ ፈረደ፤ ለልጁ ሰርግ ሱፍ ሊለካ በሚመጣበት ቀን ሻለቃ ከዘለለበት፣ በሐኪም መርፌ ይገደላል።

ጎረቤቴ ለወንድሟ መልስ መልሳ አታውቅም። በማግስቱ ውሻውን ይዛ የእንስሳት ሐኪም ዘንድ ሄደች። ሐኪሙ ጥርሱንም ጆሮውንም አይቶ፣ የሚያመው ነገር የለም ብሎ ወደ ውሻ አሰልጣኝ ላካት። ለሻለቃም አሰልጣኝ ያስፈልገዋል እንዴ ብዬ ሳቅሁ። እሷ አልሳቀችም።

አሰልጣኟ ዝምተኛ ሴት ናት። የተቀቀለ ስጋ በከረጢት ይዛ መጣች። ለሻለቃ ቁራሽ ስጋ የሚያሳልፍ የአፍ መከለያ አጠለቀችለት፣ ከግድግዳው አሰረችውና እንደወትሮው እንድንሠራ ነግራን ጥግ ተቀመጠች። ደፋር ደንበኛ ስለጠፋ ተለኪው እኔ ሆንኩ። ጎረቤቴ ሜትሩን ከአንገቷ ስታወርድ፣ ገና ሳትነካኝ፣ ሻለቃ ሰንሰለቱን ወጥሮ ተወረወረ።

«እትዬ፣ በዚህ ሜትር መትተውት ያውቃሉ?» አለች አሰልጣኟ።

ጎረቤቴ መሬት መሬት አየች። ለካ ደንበኛ ላይ ባጉረመረመ ቁጥር ሜትሩን መዥረጥ አድርጋ ሸንቆጥ ታደርገው ኖሯል። ያውም በቀስታ፣ አለች።

«ማጉረምረሙ ማስጠንቀቂያው ነበር። እሱን ሲከለክሉት መንከስ ብቻ ቀረው። አሁን ሜትሩ ሲወርድ ዱላ መጣ ይላል፤ እንግዳውን ቀድሞ ሊያባርር ነው የሚዘለው።»

ከዚያ ወዲያ ሜትሩ ሲወጣ ስጋ ይመጣል፣ ሜትሩ ሲገባ ስጋውም ይገባል። መጀመሪያ ጠረጴዛ ላይ፣ ቀጥሎ ልብስ የሚሰቀልበት አሻንጉሊት ወገብ ላይ፣ በመጨረሻ እኔ ላይ። ያን ሰሞን ከመለካቴ ብዛት ሚስቴ፣ ሌላ ሴት ልታገባ ነው ወይ ብላ ጠየቀችኝ። አንድ ቀን ሜትሩ አምልጦ ወለሉ ላይ ጯ ሲል ሻለቃ እንደገና ተወረወረ። ቸኩለናል አለች አሰልጣኟ፤ ወደ አሻንጉሊቱ ተመለስን።

የልኬቱ ቀን ደረሰና ወንድምየው መጣ። እጁን ዘርግቶ እንደ አጥር እንጨት ደረቀ። ጎረቤቴ ሜትሩን ከአንገቷ አወረደች። ሻለቃ ተነሣ። እኔ ዓይኔን ልጨፍን ምንም አልቀረኝም።

ሻለቃ ግን ወንድምየውን ዞር ብሎም አላየው። እመቤቱ ፊት ቁጭ ብሎ የሽርጧን ኪስ ያይ ጀመር፤ ስጋው ያለበትን።

«ወንድምጋሼ፣ ተንፍስ እንጂ። ደረትህን ነፍተህ ከለካሁህ ሱፉ ሰርጉ ላይ ይሰፋሃል» አለች።

ወንድምየው ተነፈሰ። ከትከሻ እስከ ቁርጭምጭሚት ተለካ፤ ሻለቃም አልተንቀሳቀሰ። በመስኮት ያደባ የሰፈር ሰው አጨበጨበ፤ ሻለቃ ሰልፍ እንደሚጎበኝ አለቃ አንዴ ገረመመንና ወደ ኪሱ ተመለሰ።

ወንድምየው ኮቱን ለበሰ፣ በር ደረሰ፣ ዞረ።

«ስጋውን እኔ ብሰጠውስ?» አለ።