አራተኛዋ ቁልፍ

ታናሽ ወንድሜ ተድላ ፉሪ ላይ ቤት ሲጀምር ከተጂ ጠርቶ አመጣኝ። «ወንድምጋሼ፣ ቤቱ ያንተም ነው፤ አብረን እንኖራለን» አለኝ። አመንኩት። እሱ እንዲማር ከአራተኛ ክፍል የወጣሁት እኔ ነኝ፤ በሠርጉ ቀን ግን ከድንኳኑ በር ላይ ከሾፌሮች ጋር ነበር ያስቀመጠኝ። እሱንም ዋጥኩት። ሲሚንቶውን ጠበቅኩ፣ ግድግዳውን ውሃ አጠጣሁ። ቤቱ ሲያልቅ የግቢው በር አጠገብ ያለችው ክፍል ደረሰችኝ።

ከዚያ በየክፍሉ ስፒከር ይግባ ተባለ። የእኔም ክፍል ገባላት። ከቤተሰቡ ተቆጠርኩ ብዬ ደስ አለኝ።

ክርክሩ መቆጣጠሪያው ላይ መጣ። የተድላ ሚስት መቅዲ፣ «በስልክ ይሁን፣ ዘመናዊ ነው» አለች።

«ዋይፋዩ ሲጠፋስ? ግድግዳ ላይ የሚጫን ቁልፍ ይሻላል። እሱ አይከዳም» አልኩ።

ተድላ ሳቀብኝ። «ወንድምጋሼም ኢንጂነር ሆነ!»

በስልክ ሆነ። ኔትወርክ በሄደ ቁጥር ዘፈኑ ልጆቹ ክፍል ውስጥ ይጮኻል፣ የሚያጠፋው ይጠፋል። በመጨረሻ ስፒከሮቹን የገጠመው የሰበታው ባለሙያ ጃዕፈር፣ «ፋዘር ልክ ናቸው፤ ቁልፍ ይግባ» አለ። በዚያ ቤት ቃሌ ሲሰማ የመጀመሪያው ነበር።

ጃዕፈር ቁልፎቹን ሳሎን ግድግዳ ላይ ገጥሞ ጠራኝ። «ሐሳቡ የእርስዎ ነው፤ መጀመሪያ እርስዎ ይዩት!»

ቀስ ብዬ አነበብኩ። ሳሎን። መኝታ። ልጆች። አራተኛዋ ላይ፣ ዘበኛ።

«ይቺ ምንድን ናት?»

«የእርስዎ ክፍል ናታ! ስሞቹን ጋሽ ተድላ ናቸው ጽፈው የላኩልኝ።»

ተድላን አየሁት። እሱ ስልኩን አየ። «ለመለየት ያህል ነው ባክህ።»

«ስም የለኝም?»

«አሁን በዚህ ትቆጣለህ? ቁልፍ እኮ ነው!»

«ይፋቃል?» አልኩት ጃዕፈርን።

«ኧረ ፋዘር! በማሽን የተቀረጸ ነው፤ ዕድሜ ልክ አይለቅም» አለ፣ ጥራቱን የጠየቅኩት መስሎት።

መቅዲ ጣልቃ ገባች። «ጋሼ፣ እስቲ ክፍልዎ ገብተው ያድምጡ፤ ልንሞክራት ነው።»

ሄጄ አልጋዬ ላይ ተቀመጥኩ። ስፒከሩ ቀጭ አለና ዘፈኑ ክፍሏን ሞላት፤ ጥርት ያለ ድምፅ።

ተድላ በሳሎኑ መስኮት ጮኸ። «ይሰማል?»

ቀና ብዬ ስፒከሩን አየሁት።

«ወንድምጋሼ! ይሰማል ወይ?»

«አይሰማም!» አልኩ። መጥቶ ያያል፣ ፊት ለፊት እነግረዋለሁ ብዬ ጠበቅኩ።

«እንግዲያው ተዋት» ሲል ሰማሁት ለጃዕፈር፤ «ሌሎቹ ከሠሩ ይበቃል።»

ዘፈኑ መሃል ላይ ተቆረጠ።