የሌንሳ መንጋ

አቶ ጅሎ ቀኝ እግራቸውን በርጩማ ላይ ዘርግተው ፋሻውን ፈቱት። «ይኸው! ጠብ አድርጊበት።»

ሌንሳ ከናይሮቢ ይዛው የመጣችውን ሻንጣ ገና አላስቀመጠችም። የአባቷን አውራ ጣት ስታይ ክው አለች። ስኳር ያለበት ሰው እንዲህ ያለ ቁስል ይዞ ሦስት ሳምንት ቤቱ ከተቀመጠ እግሩን እየሸኘ ነው።

«አባዬ፣ ሐኪም ቤት ለምን አልሄድክም?»

«እነሱ ያላቸው መጋዝ ነው። አንቺ የደም ሥር የሚያበቅል መድኃኒት አለሽ።»

እናቷ ወይዘሮ ምንታምር ዓይናቸውን ወደ ጣሪያው ላኩ። ልጃቸው በስልክ ያጫወተቻቸውን ለሰፈራቸው ለማንያታ ሁሉ አዳርሰውታል። ሁለት ጎረቤቶች ጉልበታቸውን ገልጠው ደጅ ላይ ወረፋ ይዘዋል።

«መድኃኒት አይደለም፤ ፔፕታይድ የሚባል የፕሮቲን ቁራጭ ነው» አለች ሌንሳ። «ላቦራቶሪ ውስጥ ሳህን ላይ የማሳድጋቸው የደም ሥር ሴሎች አሉ። እሱን ሳደርግባቸው ተጠራርተው እንደ ቱቦ ይያያዛሉ። ሰው ላይ አልተሞከረም!»

አቶ ጅሎ ቦሪ በሚባል ቦታ ሠላሳ ግመል አላቸው፤ ነገሩ ወዲያው ገባቸው። «የኔም ግመሎች ጉድጓድ ጋ ስጠራቸው ይመጣሉ። ምን ይጠጣሉ?»

«ከጥጃ ደም የተጣራ ፈሳሽ። በየሁለት ቀኑ ይቀየርላቸዋል።»

«ደም? እንደ አያቶቻችን ደም የሚጠጡ የኛው የቦረና ዘር ናቸው በያ! ካልተቀየረላቸውስ?»

«ይሞታሉ።»

«ዛሬ ማን ያጠጣቸዋል?»

«ቱሪ፣ አብሮኝ የሚሠራው። ትንሽ ይረሳል እንጂ ጥሩ ልጅ ነው።»

አቶ ጅሎ ቁስላቸውን ረሱት። «መንጋሽን ለሚረሳ ሰው ጥለሽ መጣሽ? ወይ ውርደት! በዛሬው ባስ ትመለሻለሽ!»

«አንተ ሐኪም ቤት ካልገባህ አልሄድም። ይሙቱ።»

የአራት ወር ልፋቷ ነበር። ግን የምሯን ነው።

አባቷ ጣታቸውን አዩ፣ እሷን አዩ። መጋዙን መፍራታቸው ፊታቸው ላይ ያስታውቃል።

«ስንት ናቸው?»

«ግማሽ ሚሊዮን ገደማ።»

«ግማሽ ሚሊዮን!» አቶ ጅሎ በአንድ እግራቸው ተነሱ። «ምንታምር፣ ዱላዬን!»

ደጅ የቆመው ባለሦስት እግር ቱክቱክ ላይ ተደግፈው ሲወጡ ልጃቸው አጠገባቸው ልቀመጥ አለች። ከለከሏት።

«እኔን እናትሽ ታደርሰኛለች። ከቆረጡትም ይቁረጡት፣ ዘጠኝ ጣት ይቀረኛል። አንቺ ለዚያ ቱሪ ደውይ፤ እንዳጠጣቸው ሳትነግሪኝ መርፌ አልወጋም።»