በእኔ አትማል

ጋሽ መዶሻ አፉ ቁልፍ ነው ይባላል፤ እውነትም ነው። የተጨማደደ የመኪና ቆርቆሮ ቀጥቅጦ፣ ስቱኮ ለጥፎ፣ ቀለም ነፍቶ እንደ አዲስ የሚመልስ ሰው እጁ ብቻ ወርቅ ቢሆን ደንበኛ አይበረክትለትም። ወደ እሱ ከሚመጣው ሰው ግማሹ መኪናውን ሊያሠራ፣ ግማሹ ደግሞ ከትዳር ጓደኛው ሊደበቅ ነው። ሁሉም ሲወጡ “ሆድ ይፍጀው” ይሉታል፤ እሱም ይኸው ሆዱን ሲያስፈጀው ኖሯል።

ስለዚህ የእህቱ ልጅ፣ ከአራስ ቤት ከወጣች ገና ብዙም ያልሆናት፣ ልትገዛት ያሰበቻት መኪና ተገጭታ እንደሆነ እንዲያይላት ስትለምነው ደስ ብሎት ነበር የተነሣው። አንድ ቀን እንኳ ጉዳት መደበቅ ሳይሆን መፈለግ። ደስታው ግን ከሻጮቹ ግቢ በር አላለፈም። ግራጫዋን መኪና ገና ሲያያት ቆም አለ። ያውቃታል። ሦስት ጊዜ ቀጥቅጧታል።

የግራ በሯን ያመጣችው የቤቱ እመቤት ነበረች፤ ከግቢው በር ምሰሶ ጋር አፋትጋት፣ “ባሌ እንዳይሰማ” ብላ። የኋላዋን ያመጡት እማማ ናቸው፣ የእመቤቲቱ እናት። እማማ መንዳት አይችሉም። ውስጧን ሊወለውሉ ገብተው የእጅ ፍሬኑን ለቀቁት፣ መኪናዋም ተንሸራታ ከውሃ ታንከሩ ጋር ተላተመች፤ እሳቸው በጎረቤት ሹፌር አስነድተው አመጧት፣ “ልጄም አማቼም እንዳይሰሙ” ብለው።

ፊቷን ያመጣው ግን ራሱ ባለቤቱ፣ ፋርማሲስቱ ነው። ከቆመ የጭነት መኪና ጋር አጋጭቷት ነበር። ያኔ የፊት ሻንሲው፣ ያ መላ መኪናዋን የሚሸከመው ብረት፣ ታጥፎ ነበር የመጣው። ጋሽ መዶሻ አቅንቶታል። አንዴ የታጠፈ ብረት ግን ሁለተኛ ግጭት አይችልም፤ ተጣጥፎ የሚያርፈው ተሳፋሪው ላይ ነው። “ለመለዋወጫ ይሽጧት እንጂ ሰው አይሳፈርባት” ብሎት ነበር። ፋርማሲስቱም እሺ ብሎ፣ እንደ ሁሉም ሆድ ይፍጀው ብሎ ሄደ።

አሁን ሦስቱም በረንዳው ላይ ቆመው፣ በሕይወታቸው አይተውት እንደማያውቁት ሰው ተመለከቱት። ፋርማሲስቱ ባለሙያው ከየት ሰፈር እንደመጡ በትሕትና ጠየቀ። ሚስቲቱ ሻይ አቀረበችና ስለ አየሩ አወራች። እማማ ሻርፓቸውን እስከ አፍንጫቸው ሳቡት።

መዶሻ መኪናዋን በጣቱ እየቆረቆረ መዞር ጀመረ። የግራው በር ጋ ሲደርስ ሚስቲቱን ሳል ያዛት። ኋላዋ ጋ ሲደርስ እማማ ፀሐዩ በረታ፣ ሰውዬው ጥላ ውስጥ ይቀመጡ አሉ። ኮፈኑን ሲከፍት ደግሞ ፋርማሲስቱ ስለ ራዲዮኗ የድምፅ ጥራት ረጅም ንግግር ጀመረ። መዶሻን ላብ አጠመቀው። ቢናገር ዕድሜ ልኩን የገነባውን ስም በገዛ እጁ ማፍረሱ ነው። ዝም ቢል የእህቱ ልጅ ሕፃኗን ይዛ እዚያ ብረት ላይ ልትቀመጥ ነው። ፈራ፤ ክፉኛ ፈራ።

የእህቱ ልጅ ደግሞ ማግኔት ስቱኮ ላይ እንደማይዝ ከየት እንደሰማች እንጃ፣ ከማቀዝቀዣዋ በር ላይ የብርቱካን ቅርጽ ያለው ማግኔት ነቅላ መጥታለች። የመኪናዋ ጣሪያ ላይ አስቀመጠችው፣ ያዘ። የግራው በር ላይ ስታስቀምጠው ግን ተንሸራቶ ወደቀ። አንሥታ መለሰችው፤ ወደቀ።

“ነፋስ ነው” አለ ፋርማሲስቱ፣ ያውም ከልቡ፤ ስለዚያ በር በእውነትም ምንም አያውቅም። መዶሻ ስቱኮውን ያወፈረበትን ቀን ረገመ።

“ጋሽ መዶሻ፣ ሻይ ልጨምርልዎት?” አለች ሚስቲቱ ቸኩላ።

እዚያ ግቢ ከገቡ ጀምሮ ስሙን የጠራ ሰው አልነበረም። የእህቱ ልጅ ማግኔቷን ኪሷ ከተተችና ወደ ፋርማሲስቱ ዞራ፣ መኪናዋ ተገጭታ ታውቅ እንደሆነ እቅጩን እንዲነግራት ጠየቀችው።

“ዝንብ እንኳ አርፎባት አያውቅም” አለ። “ባለቤቴ ትሙት።”

“በእኔ አትማል” አለች ሚስቲቱ። ሳሉ ድንገት ለቋት ነበር።

ፋርማሲስቱ ፈገግ ብሎ ወደ አማቱ ዞረ። “እንግዲያው እማማ ይሙቱ።”

“ኧረ እኔንም ተወኝ፣ ልጄ። ገና ብዙ ነገር ይቀረኛል።”

ሰውዬው ግራ ገባው። በዚህ ሁሉ ቤተሰብ ውስጥ ለአንዲት መኪና የሚሞት ሰው ጠፋ። የመዶሻ የእህት ልጅ በራሱ እንዲምል ብትጠይቀው ኮፈኑን አየት አድርጎ፣ በራስ መማል ደግ አይደለም አለ። ከዚያ የማይናገረው ሰው ትዝ አለውና ፊቱ በራ።

“ባለሙያው እዚሁ አይደሉ? እሳቸው ይማሉልሽ።”

የእህቱ ልጅ ወደ አጎቷ ዞረች። “‘አንቺ ትሙቺ’ ብለህ ንገረኝ፣ አጎቴ። ልጄን ላሳፍርባት?”

መዶሻ ውሸት አይከብደውም ነበር። ዝምታ ውሸት ከሆነ ስንቱን ዋሽቷል። ግን ያቺን ቃል ሊያወጣት ሲል ምላሱ አልታዘዝ አለው። የተወለደች ቀን ከእናቷ ቀጥሎ ያቀፋት እሱ ነው።

“አልልም” አለ። “የፊት ሻንሲዋ ታጥፎ የተቃና ነው። ያቀናሁት እኔ ነኝ። አትግዢያት።”

ሚስቲቱ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ወደ ባሏ ዞረች። መኪናዋ ለሰርቪስ ገባች የተባለው ለዚህ ነው ወይ፣ ባልና ሚስት እንዲህ ከተደባበቁ ትዳሩ ምኑን ትዳር ሆነ እያለች ወረደችበት። እማማም ከጎን ሆነው መደበቅ ደግ እንዳልሆነ መከሩት። እናትና ልጅ በየመሀሉ መዶሻን በዓይናቸው ይለማመጡት ነበር። እሱ ሻዩን እስከ አተላው ጠጣ።

መንገድ ላይ የእህቱ ልጅ ክንዱን ያዘችው።

“ሌላ ቦታስ አልተገጨችም?”

“አልተገጨችም።”

“‘አንቺ ትሙቺ’ በለኛ።”

መዶሻ ፌርማታው ላይ ወደ ቆመው አውቶቡስ ጠቆመ። “ፍጠኚ፣ እንዳያመልጠን” አለ።

ሹፌሩ ግን ሞተሩን አጥፍቶ፣ መሪው ላይ ጋዜጣ ዘርግቶ እያነበበ ነበር።