ጠቋሚው ከግማሽ እንዳያልፍ

"ክዳኑን አሁን እንዳትነካው" አለችው ሚስቱ ከመኪናው ውስጥ። "ባለፈው የተላጠው እጅህ ገና አልዳነም።"

"አልነካሁትም" አላት። ጨርቁን እጁ ላይ ጠቅልሎ ከራዲያተሩ ክዳን አጠገብ አድርሶት ነበር፤ ቀስ ብሎ መለሰው። ከተከፈተው ኮፈን ሥር የሚወጣው እንፋሎት ፊቱን ይገርፈዋል። ሞተሩ ከጠፋ በኋላም ውስጡ ውሃው ሲንተከተክ ይሰማል። ዳገቱ ገና አልተጋመሰም። ከታች የመጡበት ሜዳ በጠዋት ፀሐይ ተንጣሎ ይታያል፤ ከላይ፣ ደመናው ከተኛበት ብርዳም ከተማ ውስጥ፣ ሆስፒታሉ አለ። ሐኪሙ በሽተኛ የሚያየው ከምሳ በፊት ብቻ ነው። ዛሬ ካለፋቸው ሌላ ቀጠሮ መቼ እንደሚገኝ የሚያውቅ የለም። ይህንኑ ቀጠሮ ሲጠብቁ እንኳ ሚስቱ ቀሚሶቿን ሁሉ ሁለት ጊዜ አስጠብባለች።

ባልየው ዕድሜውን በሙሉ ታክሲ የነዳ ሰው ነው። መኪናዋም አብራው ያረጀች ናት። ልጅ አስተምራ ድራለች፤ የቤቱን ጣሪያ አስቀይራለች፤ አሁን ደግሞ ሚስቱን ሆስፒታል ታመላልሳለች። መኪናዋ ከቆመች እሱም ቆመ ማለት ነው፤ በዚህ ዕድሜው ሹፌር አድርጎ የሚቀጥረው የለም። በሌላው ቀን ሜዳው ላይ ከገበያ ወደ መናኸሪያ ስትሮጥ ምንም አትልም። ሕመሟ የሚነሳባት ዳገት ስታይ ነው።

"ሁለት በሽተኛ ለአንድ ሰው ይበዛል" ብላው ነበር ሚስቱ አንድ ቀን። "ወይ እኔን አስታም፣ ወይ እሷን።"

ሙቀቱ ከጀመራት ወዲህ ያልተቀየረላት ዕቃ የለም። ሠፈሩ ውስጥ "ጆሮ" የሚሉት መካኒክ አለ፤ የካቻቢቴውን ጫፍ ሞተሩ ላይ፣ እጀታውን ጆሮው ላይ ደግፎ ስለሚያዳምጥ ነው ስሙ የወጣለት። ጆሮ አዳመጠና "የውሃ ፖምፓው ነው" አለ፤ ተቀየረ። "ቱቦው ነው" አለ፤ ተቀየረ። ቺንጋው ጠበቀ፣ ክዳኑ ታደሰ፣ መኪናዋ ግን ያው ናት። ቴርሞስታቱን፣ ያቺን ሞተሩ እስኪሞቅ ድረስ ውሃውን የምታግድ ትንሽ በር፣ የሚጠረጥራት የለም። እሷን ጆሮ ራሱ ካቻምና "እዚህ ሜዳ ላይ ምን ታደርጋለች፣ ማነቆ ናት" ብሎ አውጥቶ ጥሏታል።

ስልኩን አውጥቶ ደወለለት።

"ጆሮ፣ እንደገና ፈላች።"

"ዳገቱ ላይ ነዎት ጋሼ?"

"ግማሽ እንኳ አልደረስኩም።"

"የራዲያተሩ ቬንትሌተር ይዞራል?"

"ሞተሩን እስካጠፋ ድረስ ይዞር ነበር።"

"የሚያንጠባጥብ ነገር አለ?"

"ሥሯ ደረቅ ነው።"

"እንግዲህ የቀረን ራዲያተሩ ነው። ፊቱን ገባ ብለው ይዩልኝ፤ ትንኝና ገለባ ደፍኖት ይሆናል። ከዚያ ዘይቷን ይዩ። ዘይት አይዋሽም።"

ከመኪናዋ ፊት ተንበረከከ። ጣቶቹን በፍርግርጉ መሃል አሾልኮ ሲሰድ የራዲያተሩን ቀጫጭን ቆርቆሮ አላገኘም። ያገኘው ለስለስ ያለ፣ አቧራ የጠጣ ነገር ነው። ከላይ ቆርቆሮ ስለሚሸፍነው በኮፈኑ በኩል አይታይም። ሁለቱን ብሎኖች ፈትቶ ፍርግርጉን ወደ ፊት ጎተት አደረገና ጫፉን ይዞ ሳበው። ረጠብ ያለ፣ በሙቀት የጠቆረ ሰፊ ካርቶን እየተንፏቀቀ ወጣ። ጠርዙ ላይ ሰማያዊ መስመር አለው። የመድኃኒቷ ካርቶን ነበር።

ያን ጊዜ ሁሉም ትዝ አለው። ባለፈው የብርድ ወራት ሚስቱ ከሕክምናው ስትወጣ ጥርሷ ከጥርሷ እየተጋጨ ነበር የምትወጣው። ቴርሞስታት የሌላት መኪና ደግሞ በብርድ ቶሎ አትሞቅም፤ ማሞቂያውን ሲከፍተው የሚነፍሰው የዋሻ አየር ነው። መናኸሪያ የሚውል አንድ ሽማግሌ የጭነት መኪና ሹፌር ነው መላውን የነገረው። "ራዲያተሩ ፊት ካርቶን ሸጉጥበት፤ እንደ ምድጃ ይሆንልሃል" አለው። እውነትም ምድጃ ሆነለት። አየሩ ሲሞቅ አወጣዋለሁ ብሎ ነበር። ሲሞቅ ግን እሷ ሆስፒታል ተኝታ እሱ ወለል ላይ ያድር ነበርና ካርቶን የሚያስታውስ ልብ አልነበረውም። ከዚያ በኋላ ፖምፓ ሲቀይር፣ ቱቦ ሲቀይር፣ ጆሮን ሲያማ የከረመው በገዛ እጁ ላነቃት መኪና ነው። ሳቅም ልቅሶም አንድ ላይ መጣበት፤ ሁለቱንም ዋጣቸው።

"ምንድን ነው እሱ?" አለች ሚስቱ አንገቷን በመስኮቱ አውጥታ።

"ምንም፣ ካርቶን ነው። ነፋስ አምጥቶ ወትፎት።"

ካርቶኑን አየችው። "እህ" አለችና ሻርፗን ወደ አገጯ ሳበች።

ገደል ሊወረውረው ነበር፤ ግን መስመሩን ታውቀዋለች ብሎ ፈራ። አጥፎ ከኋላ ዕቃ መጫኛው ውስጥ፣ ከትርፍ ጎማው ሥር ከተተው። ልቡ ቀለል አለው። ካርቶን ብቻ ከሆነ እኮ መኪናዋ ድናለች ማለት ነው። በዚህ ደስታ ነው የዘይት መለኪያውን ብረት መዝዞ መልሶ የደወለው።

"ምን ይመስላል?" አለ ጆሮ በስልኩ።

"ወተት የገባበት ሻይ።"

"አይ ጋሼ።"

"ምንድን ነው? ንገረኝ።"

"የሞተሩ ራስ፣ የቴስታታው ማሸጊያ ጋርኒሽን ተቃጥሏል። ውሃውና ዘይቱ ተገናኝተዋል። ብዙ ጊዜ ስትፈላ ስለከረመች ነው እንጂ በአንድ ቀን አይመጣም።"

"ካርቶኑ ቀደም ብሎ ወጥቶ ቢሆን ኖሮ . . ."

"ምን ካርቶን?"

"ተወው" አለው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይህ ነው።

"ውሃ ሞልተው ቀስ እያሉ ይውጡ" አለ ጆሮ። "ማሞቂያውን እስከ መጨረሻው ይክፈቱት፤ የሞተሩን ሙቀት ይቀንስልዎታል። እትዬን ያቃጥላቸው ይሆናል እንጂ።"

ውሃውን ሞልቶ ተነሡ። ማሞቂያው እየጮኸ የጋለ አየር ይተፋል። ላቡ ከግንባሩ ወደ ዓይኑ ይወርዳል፤ ሸሚዙ ከወንበሩ ጋር ተጣብቋል። መስኮቱን ሊከፍት እጁን ሲሰድ ሚስቱ ያዘችው።

"ተወው፣ ዝግ ይሁን" አለችው። ሁለቱንም እጆቿን አየሩ ከሚወጣበት ቀዳዳ ፊት ደቅናለች። ጣቶቿ ከስተው የጋብቻ ቀለበቷ በክር ተጠምጥሞ ነው የቆመው። "ከስንት ጊዜ በኋላ ዛሬ እጄ ሞቀ። መኪናህ ብትታመምም ደግ ናት።"

እየቆሙ፣ ውሃ እየጨመሩ፣ ከኋላቸው ነጭ ጭስ እየጎተቱ ሐኪሙ ሳይወጣ ደረሱ።

ኮሪደሩ ውስጥ ያለው የእንጨት አግዳሚ መሃሉ ከመቀመጥ ብዛት ጎድጉዷል። ሐኪሙ ልጃቸው ሊሆን የሚችል ወጣት ነው። የተነሣችውን የራጅ ፎቶ ወደ መስኮቱ ብርሃን ከፍ አድርጎ ቢያይም፣ አስቀድሞ አይቶት እንደነበር ከፊቱ ያስታውቅ ነበር። ወንበሩን ወደ እሷ አስጠጋ።

"እናቴ፣ መድኃኒቱ እንዳሰብነው አልሠራም" አለ። "ብንቀጥልበት እርስዎን ከማድከም በቀር የሚጨምረው ነገር የለም። ለሕመሙ ማስታገሻ እሰጥዎታለሁ። ቤትዎ ይረፉ፤ የሚወዱትን ይብሉ፤ እንዳይበርድዎት ይጠንቀቁ።"

"መቼ እንመለስ?" አለ ባልየው። የሐኪሙ ነገር ገብቶት አልነበረም ወይም እንዲገባው አልፈለገም።

"መመላለሱ ከእንግዲህ ያደክማቸዋል አባቴ" አለ ሐኪሙ። "መምጣት አያስፈልጋችሁም።"

ደረጃውን ሲወርዱ ክንዱን ይዛ በየእርከኑ ትቆማለች። መኪናዋ ዘንድ ሲደርሱ ኮፈኗን በመዳፏ መታ መታ አደረገችው። "በይ እንግዲህ" አለቻት፣ "አንቺም ዳገቱ ቀረልሽ።"

እሱ ሊስቅ ሞክሮ አልሆነለትም። ጥቂት ራቅ ብሎ ለጆሮ ደወለ። ሐኪሙ ያለውን ነገረው።

"በአውቶቡስ ይዘዋቸው ይውረዱ" አለ ጆሮ፤ "መኪናዋን በጭነት አስመጣታለሁ።"

"አውቶቡስ ላይ መቀመጥ አትችልም። መኪናዋ ውስጥ እንኳ ወንበሩን አስተኝቼላት ነው።"

"እንግዲያው ይስሙኝ ጋሼ። ቁልቁለት ነው፣ አየሩም ብርድ ነው፤ ስትወርድ ሞተሯ አይደክምም። ውሃዋን እያዩ፣ የሙቀት ጠቋሚው ከግማሽ እንዳያልፍ አድርገው ያምጡልኝ። ከግማሽ በታች ከመጣችልኝ ቴስታታውን አስልጬ፣ ጋርኒሽኑን ቀይሬ ሥራዎ ላይ እመልስዎታለሁ፤ ቃሌ ነው። ካለፈች ግን ቴስታታው ይጣመማል፤ ከዚያ በኋላ መኪና መሆኗ ቀርቶ በኪሎ የምትሸጥ ብረት ነች።"

"ከግማሽ በታች" አለ ባልየው።

"ከግማሽ በታች።"

ቁልቁለቱን ሲጀምሩ ዝናቡም ጀመረ። ደመናው መንገዱ ላይ ወርዶ መብራት አብርተው ነው የሚሄዱት። የሙቀት ጠቋሚው ከታች ተኝቷል፤ ንቅንቅ አይልም። ካርቶኑ ወጥቷል፣ ነፋሱ ራዲያተሩን እንደ ልቡ ይመታዋል፣ ሞተሩም ያለ ድካም ይወርዳል። ሹፌሩ ባየው ቁጥር መኪናዋ ትተርፋለች የሚል ነገር በውስጡ ይነቃነቃል፤ ወዲያው ደግሞ ለማን ትተርፋለች የሚል ይከተላል። ነገ ከገበያ ወደ መናኸሪያ፣ ከመናኸሪያ ወደ ገበያ። ከዚያ ማታ ወደ የትኛው ቤት?

ማሞቂያው ክፍት ነው፤ የሚነፍሰው ግን ያው የዋሻ አየር ነው። ጃኬቱን አልብሷታል፣ የወንበሩን ጨርቅ ሳይቀር ጉልበቷ ላይ ጥሎላታል። እሷ ከሥሩ ትንቀጠቀጣለች።

"ካርቶኑን የት አደረግኸው?" አለችው።

"የቱን ካርቶን?"

"ነፋስ ያመጣውን።"

አንድ ጥምዝ አለፉ።

"ስትቆርጠው በመስኮት አይቼሃለሁ" አለች። "የመድኃኒቴን ካርቶን ደጅ አንጥፈህ በቢላ። ይሄ ሰውዬ ምን ነካው ብዬ ነበር። በማግስቱ መኪናው ሲሞቅልኝ ገባኝ።"

"ታዲያ ያን ሁሉ ዕቃ ስቀይር ምን አለ ብትነግሪኝ?"

"ያወጣኸው መስሎኛላ። እኔ ስለ ሞተር ምን አውቃለሁ?" ትንፋሿን እስክትሰበስብ ጠበቀች። "ዛሬ ለምን ዋሸኸኝ?"

"በአንቺ ምክንያት የተበላሸች እንዳይመስልሽ።"

"በእኔ ምክንያት ነዋ" አለች። ስትለው ቅሬታም ኩራትም ነበረበት። "በማን ሊሆን ኖሯል?"

ቁልቁለቱ አጋማሹ ላይ ወዳለችው ደልዳላ መንገድ ደረሱ። ጥርሷ ሲጋጭ ከዝናቡ ድምፅ በላይ ይሰማዋል። እጁን ሰዶ እጇን ያዘው፤ እንደ ብረት ቀዝቅዟል።

"ትንሽ ታገሺ" አላት። "ሜዳው ላይ ስንደርስ አየሩ ይሞቃል።"

"እታገሣለሁ" አለች። "የት እሄዳለሁ?"

ከዚህ በኋላ ጥቂት ነዳ። ከዚያ ወደ ዳር አወጣና ሞተሩን ሳያጠፋ ወረደ። ዝናቡ አንገቱ ውስጥ እየገባ ከኋላ ያለውን ዕቃ መጫኛ ከፍቶ ከትርፍ ጎማው ሥር ካርቶኑን አወጣው። ፍርግርጉን ጎተት አድርጎ፣ እጥፋቱን በመዳፉ አቅንቶ፣ ራዲያተሩ ፊት ሸጎጠው። ቀድሞ በነበረበት ልክ ገባ። ብሎኖቹን አንድ በአንድ አሠረ። ሲጨርስ በመስታወቱ ውስጥ እያየችው እንደነበር አወቀ።

"ምን አደረግህ አንተ ሰውዬ?" አለችው ገብቶ በሩን ሲዘጋ። "ሥራህስ? ለጆሮ በስልክ ከግማሽ በታች ስትለው ሰምቼሃለሁ።"

"ነፋስ ነው ያመጣው" አላት።

ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። ትከሻዋ የሚንቀጠቀጠው በብርዱ ይሁን በሌላ ነገር መለየት አልቻለም። ማርሽ አስገብቶ ተነሣ። ብዙም ሳይሄዱ አየሩ ለብ አለ፣ ከዚያ ሞቀ፣ ከዚያ ጋለ። እጆቿን ከጃኬቱ ሥር አውጥታ ቀዳዳው ፊት ደቀነቻቸው፤ ጥርሷ ዝም አለ። ጠቋሚው ከታች ተነሥቶ ግማሹ ላይ ደረሰ።

ሹፌሩ ኮፍያውን አወለቀና ጠቋሚው ላይ ደፋበት።