ግድግዳው ዝም ያለ ዕለት

የባንዱ ልጆች የዘፈናቸውን ፀባይ ሊለውጡ ሲሉ በርበሬ በረንዳ ያለ ሰው ሁሉ ሐሳቡን ተጠየቀ፤ ሻይ አፍይዋ ሳትቀር። ፋናዬን ግን ማንም አልጠየቃትም። የሚለማመዱበት መጋዘን የእሷ ነው። ደንቆሮ ናት ተብሏላ! ደንቆሮ ስለ ሙዚቃ ምን ተብሎ ይጠየቃል?

እርግጥ ጆሮዋ ከሄደ ቆይቷል። ሠላሳ ዓመት ሙሉ የበርበሬ ወፍጮ ጎን ለቆመች ሴት ምን ጆሮ ይተርፋታል? ግን መዳፏን የወፍጮው ሆድ ላይ ጣል አድርጋ፣ በርበሬው የላመ ይሁን ገና ሸካራ፣ ሳታይ ትናገራለች። አንድም ቀን አልተሳሳተችም።

ልጆቹ ሄቪ ሜታል የሚሉትን ጯሂ ሙዚቃም የለመደችው እንዲሁ ነው። ከሰዓት በኋላ ጆንያ ላይ ተቀምጣ ጀርባዋን ለመጋዘኑ ግድግዳ ትሰጣለች። ከበሮ መቺው ሰዓድ ትልቁን ከበሮ በእግሩ ሲረግጠው ንዝረቱ በግድግዳው አልፎ ደረቷ ውስጥ ይገባል። ባሏ ከሞተ ወዲህ እዚያ የገባ ሌላ ነገር የለም። በቀብሩ ዕለት እንኳ ዓይኗ ደረቅ ነበር፤ እሷንም አልገረማት።

ዛሬም ተቀመጠች። ግድግዳው ዝም። ቆየች፤ ዝም። ተነስታ በሩን ገፋችው። ሰዓድ የሽቦ መጥረጊያ በሚመስል ነገር ከበሮውን ይዳብሳል። ኢክራ፣ ያቺ የአንገቷ ሥር እስኪገተር የምትጮኸው ዘፋኝ፣ ዓይኗን ጨፍና አፏን ቀስ አድርጋ ታንቀሳቅሳለች። ፋናዬ መዳፏን ስፒከሩ ላይ አሳረፈች። እንደቆመ ወፍጮ ነው። አልተናደደችም እንኳ።

ኢክራ አየቻትና ፊት ለፊቷ መጥታ ጮኸች፦

«እትዬ ፋናዬ፣ እንኳን ደስ አለዎት! ከጩኸቱ ገላገልንዎት!»

«ማን ገላግሉኝ አላችሁ?»

«ሰው ለስለስ ያለ ዜማ ነው የሚወደው! እናቴ እንኳ ወደደችው!»

«እናትሽ ጆሮ አላት።»

ሰዓድ ድምፁን ዝቅ አድርጎ አጉተመተመ፦ «ሰምተውት የሚያውቁ ይመስል።»

«ፊደል አልቆጠርኩም እንጂ ከንፈር አነባለሁ፣ አንተ!» አለችው። «አራተኛው ዘፈን መሀል ላይ ሁልጊዜ ትፈጥናለህ። ከካቻምና ጀምሮ።»

ኢክራ ሳቋ አመለጣት፦ «ስነግርህ ከርሜ የለ?»

ፋናዬ አልሳቀችም። አንድ ጆንያ ጎትታ ከትልቁ ከበሮ ፊት አስቀመጠችና ጀርባዋን ሰጥታው ቁጭ አለች።

«ለእናትሽ ያሻሽን ዝፈኚላት» አለች። «አንተ ግን መጥረጊያህን ጣልና እርገጠው። እዚህ ደረቴ እስኪገባ እርገጠው።»