ጭስ ያለው ቤት

አሜሪካ፣ ዳኮታ ሜዳ ላይ የቆመውን የአያቶቻችንን የግንድ ቤት ሊወስዱት የሙዚየም ሰዎች ከባድ መኪና ይዘው መጡ።

"እዚህ ከሚበሰብስ እኛ ጋ ይጠበቃል፤ የከተማው ምክር ቤትም ፈቅዷል" አለ ኃላፊያቸው ሃልቮር።

አክስቴ ራግና ግን ቀድማ ገብታ፣ ምድጃውን ለኩሳ የድንች ሾርባ ጥዳለች። እኔም ጭሱ እንዲበዛ እርጥብ ገለባ ጨመርኩበት።

"እትዬ ራግና፣ ውጪ እንጂ!" አለ ሃልቮር በሩ ላይ ቆሞ።

"ያኔ መሬት የሚሰጠው ቤት ሠርቶ ለኖረበት ነበር። ለአያቴም መሬቱ የጸናለት የመንግሥት ሰው ጭስ አይቶ 'ሰው ይኖርበታል' ብሎ ስለጻፈለት ነው። አንተ ጭሱ አይታይህም?"

"ዓይኔን አጠፋው እኮ!" አለ ሃልቮር እያሳለ።

"ታዲያ ጻፋ!" አልኩት።

ሾፌሩ "እሳት ያለበት ቤትማ አልጭንም" ብሎ ቤቱን ሊጎትት ያሰረውን ሰንሰለት ፈታ።

ሃልቮር "ነገ እንመለሳለን!" ብሎ ሲዝት፣ አክስቴ ወደኔ ዞረች።

"አንተ ደግሞ ቆመህ አትገልፍጥ፤ ሂድና ፍራሼን አምጣ።"