ሀሰኖን የጣለው ፈረስ

«ፈረስ ነው የጣለኝ» አሉ ሀሰኖ፣ በሻሽ አንገታቸው ላይ የተንጠለጠለውን ቀኝ ክንዳቸውን በግራ እጃቸው ደገፍ አድርገው።

ግቢው ውስጥ የቆሙት ጎረቤቶች ሳቁ። በዲክሲስና በዙሪያዋ የሀሰኖን ግልቢያ የማያውቅ ሰው አልነበረም፤ በሰርግ ሜዳ ላይ ልጓም ለቀው የሚጋልቡ፣ ሽበት ካወጡም በኋላ ጎረምሶችን ከኋላቸው አቧራ የሚያስቅሙ ሰው ነበሩ። አሁን እሳቸውም አብረው ሳቁ። ነቢላ ግን አጎቷ ሲስቁ አንድም ጊዜ ቀና ብለው እንዳላዩዋት ልብ አለች።

ነቢላ የእህታቸው ልጅ ናት። አሰላ ውስጥ የእርሻ መሣሪያ በሚሸጥ መደብር ተቀጥራ ባለ አራት እግር ሞተር ትሸጣለች፤ እንደ ሞተር ብስክሌት ላዩ ላይ ወጥተው የሚነዱት፣ ከኋላው ገብስም ድርቆሽም የሚጫንበት፣ መኪና ያልደፈረውን ዳገት ይወጣል የሚባልለት። ከክረምቱ ማግስት ለአጎቷም አንድ ሸጣላቸዋለች። ዛሬ ሌላ አዲስ በፒካፕ አስጭና የመጣችው ለጎረቤታቸው ለአቶ እንደሻው ልታሳይ ነው።

«እስቲ እውነቱን ንገረኝ፣ ሀሰኖ» አሉ አቶ እንደሻው፣ አዲሱን ሞተር ሊገዙት እንዳሰቡት በሬ እየዞሩ እየተመለከቱ። «የአንተስ እንዴት ነው?»

«ደህና ነው» አሉ ሀሰኖ። ቀጥለውም «ደግሞ ነቢላ ያመጣችው ነው» ሲሉ ጨመሩ።

«አንተ ካልክ ለእኔ ሌላ ምስክር አያሻኝም።»

ነቢላ ደስ ሊላት ሲገባ አላላትም። ከጥቂት ወራት ወዲህ ስልኳ በጠራ ቁጥር ትደነግጣለች። ከጮሌ ወረዳ የደወለ ገበሬ፣ ጭነት ሲይዝ መሪው ወደ ግራ ይጎትተኛል ብሏታል። ሌላው የኋላ መጫኛው ብየዳ እንደተሰነጠቀ፣ ቁልቁለት ላይ ሲታጠፍ አንዱ ጎማ ከመሬት እንደሚነሳ ነግሯታል። ቅሬታውን ለአለቃዋ ስታደርስ «መንዳት ስለማያውቁ ነው በያቸው» አላት። አለቻቸውም። መጀመሪያ ስትለው አፏ ላይ ከብዷት ነበር፤ እየደጋገመችው ስትሄድ ግን ራሷም ልታምነው ምንም አልቀራት።

እጇን ልትታጠብ ወደ ጓሮ ዞረች። የአጎቷ ሚስት ጠይባ ለፈረሷ ድርቆሽ እየሰጡ ነበር። ፈረሷ አርጅታ ዓይኗን ጨፈን ገለጥ እያደረገች ታኝካለች።

«ይቺ ናት አጎቴን የጣለቻቸው?» አለች ነቢላ፣ ለጨዋታ ያህል።

ጠይባ የያዙትን ድርቆሽ ጥለው፣ እጇን ይዘው ወደ ጎተራው ጀርባ ወሰዷትና አንድ ሸራ ገለጡ። ከመደብሩ ራሷ መርቃ ያስወጣችው ሞተር ነው። መሪው ተጣሟል። የኋላ መጫኛው ከብየዳው ተገንጥሎ ወደ አንድ ጎን ተንጠልጥሏል፤ የተላቀቀበት ቦታ ሲታይ ብረቱ ከብረት አልተዋሃደም፣ ላይ ላዩን ብቻ ተለጥፎ ነበር።

«ቁልቁለቱ ላይ ተገለበጠበት፤ ገብሱም ሞተሩም ከላዩ ወደቁ» አሉ ጠይባ። «ወንድሜ ነው በበሬ ጎትቶ እዚህ ያስገባልን። ሌላ ያየ የለም።»

«ለምን አልነገራችሁኝም?»

«‹እንጀራዋ ነው፣ ስሟ ገበያ ላይ አይነሳ› አለኛ። ፈረስ ጣለኝ ማለቱን የመረጠው እሱ ነው። ልጆች እንኳ መንገድ ላይ ‹ልጓሙን ጠበቅ!› እያሉ ይስቁበታል። አብሯቸው ይስቃል። ቤት ሲገባ ግን አፉ አይፈታም።»

ነቢላ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጣት ወደደች። እሷ ለማታውቃቸው ሰዎች ጥፋቱ የእናንተ ነው ስትል ከርማለች፤ አጎቷ ግን እስክትላቸው እንኳ አልጠበቁም፤ አስቀድመው በገዛ እጃቸው ጥፋቱን ራሳቸው ላይ ጫኑት። ያውም በሕይወታቸው ከሚኮሩበት ከአንዱ ነገር ላይ ቆርሰው።

ከወደ ደጅ የሞተር ድምፅ ተሰማ። ሮጣ ስትወጣ አቶ እንደሻው አዲሱ ላይ ተቀምጠው፣ ከኋላቸው ገብስ የሞላ ጆንያ ለሙከራ አስጭነው፣ ወደ ማሳቸው የሚወርደውን ቁልቁለት ሊጀምሩ ነው።

«ያጥፉት!» አለች።

ሰው ሁሉ ዞረ። ሀሰኖም ዞሩ፤ ከየት በኩል እንደመጣች ሲያዩ ገባቸው። ደህናውን እጃቸውን ከፍ አድርገው «ኢንተላ ኮ» አሏት፣ ልጄ ሲሏት እንደለመዱት በኦሮምኛ። «ተይ።»

«አጎቴን ፈረስ አልጣላቸውም» አለች ነቢላ። «የጣላቸው እኔ የሸጥኩላቸው ሞተር ነው። ይኸኛውም ያው ነው።»

የሳቀ አልነበረም። ሀሰኖ ትክ ብለው አዩዋት፤ ተቆጥተው ይሁን አዝነው አልለየችውም። ከዚያ ጀርባቸውን ሰጥተው ወደ ቤት ገቡ። ልትከተላቸው ስትል አቶ እንደሻው ሞተሩን አጥፍተው በጥንቃቄ ወረዱ።

«የሌሎቹስ ነገር?» አሏት። «ካንቺ የገዙት ይህን ያውቃሉ?»

ስልኳን አወጣች። መጀመሪያ ትዝ ያለቻት የጢቾዋ ነጋዴ አሰፋች ናት፤ በቅርቡ ደውላ መሪው አስቸገረኝ ስትላት፣ ነቢላ «ጭነት አብዝተሽ ነው» ብላ ጆሮዋ ላይ ዘግታባታለች። ጎረቤቶቹ እያዩዋት ደወለች። ብዙ ሳይጠራ ተነሳ።

«ነቢላዬ!» አለች አሰፋች፣ ነቢላ አፏን ሳትከፍት። ከጎኗ የሞተር ድምፅ ይንደቀደቃል። «እንኳን ደወልሽ! ያን ቀን በማታውቂው ጥፋት ተናግሬሽ ሲከነክነኝ ሰነበተ። ልክ ብለሻል፣ ስህተቱ የራሴ ነው። አሁን ጭነቱን ቀነስ አድርጌያለሁ። ይኸው ዳገቱን ጨርሼ ቁልቁለቱን ከመጀመሬ በፊት አረፍ ብዬ ነው። ይቅር በይኝ፣ እሺ?»

«አሰፋች፣ ውረጂ» አለች ነቢላ።

«ምን አልሽኝ?»

«ውረጂ! ከሞተሩ ላይ ውረጂ!»

«ድምፅሽ አይሰማም እኮ፣ እህቴ» አለች አሰፋች እየሳቀች። «ቆይ፣ ታች ስደርስ እደውልልሻለሁ።»